ከቆዳ በታች ያለው ፊት

ዛሬ አንድ መስታወት ያስፈልገናል። የእጅ መስታወት ካላችሁ አምጡ፤ ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ቤታችሁ ስትደርሱ ትሞክሩታላችሁ።

መጀመሪያ በጀርባችሁ ተንጋለሉና መስታወቱን ከፊታችሁ በላይ ይዛችሁ ራሳችሁን እዩ። ከዚያ ተነሱ፤ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አጎንብሳችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ዕድሜያችሁ አርባን ከተሻገረ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። ተንጋላችሁ ስታዩት ጉንጫችሁ ወደ ጆሯችሁ ሸሽቷል፣ የመንጋጋችሁ መስመር ጠርቷል፣ የዛሬ ዐሥር ዓመት የነበራችሁን ፊት ታገኙታላችሁ። አጎንብሳችሁ ስታዩት ግን ሁሉም ነገር ወደ ፊት ይንጠለጠላል። በሁለቱ መካከል ቆዳችሁ አልተለወጠም። የተንቀሳቀሰው ከሥሩ ያለው ነው። የፊት ማንሻ ቀዶ ሕክምና፣ በተለምዶ ፌስሊፍት የሚባለው፣ ይህችን ነገር አውቆ በሥራ ላይ ለማዋል ሰባ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያ ሰባ ዓመትና ከዚያ ወዲህ ስለመጣው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቆዳ ጨርሶ ከተጠያቂነት ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ንጥረ ነገር ከወጣትነት በኋላ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ ያፋጥኑታል። በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሹፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት በጭነት መኪና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ በጥልቅ ሽብሽብ ተሞልቷል፤ ቀኙ ግን በብዙ ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ይመስላል። ብዙ ሰው የመኪና መስታወት ከፀሐይ የሚያድነው ይመስለዋል። ቆዳን በጥልቀት የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ግን በተራ መስታወት ውስጥ ያልፋል። የጠቆረ ቆዳ በሜላኒኑ ምክንያት ይህን ጉዳት የተሻለ ስለሚቋቋም በእኛ ፊት ላይ ሽብሽቡ ዘግይቶ ይመጣል። ሆኖም ይህ ሁሉ የቆዳ ጉዳይ ነው፤ የፊት ማንሻ ቀዶ ሕክምና ለሹፌሩ ሽብሽብ ብዙም አይፈይድለትም።

ወደ ታች እንውረድ። ከቆዳ ሥር ስብ አለ። በ2007 ሮድ ሮሪክና ጆኤል ፔሳ የተባሉ በቴክሳስ የሚሠሩ ሐኪሞች በአስከሬን ጉንጭ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም በመርፌ ወጉ። ቀለሙ በጉንጩ ሁሉ አልተሰራጨም፤ የተወጋበትን ክፍል ሞልቶ ድንበሩ ላይ ቆመ። የፊት ስብ አንድ ወጥ ንጣፍ አይደለም ማለት ነው፤ በስስ ግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንዱ ክፍል ይመነምናል፣ ሌላው ይወርዳል። ከዓይን ሥር ይጎድላል፣ ከመንጋጋ አጠገብ ይበዛል። ከሁሉም ሥር ያለው አጥንት እንኳ ባለበት አይቆይም፤ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ላዩ ላይ ያረፈው ሁሉ ድጋፍ ያጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀዶ ሐኪሞች ይህን አያውቁም ነበር። ያዩት የረዘመ ቆዳ ነው፤ ስለዚህ ቆዳውን አሳጠሩት። በ1901 በርሊን ውስጥ ኦይገን ሆሌንደር የተባለ ሐኪም አንዲት የፖላንድ ባላባት ወይዘሮ ለምናው በጆሮዋ ዙሪያ ቁራጭ ቆዳ አንስቶ ሰፋላት ይባላል። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሐኪም በባልደረቦቹ ዘንድ ስለሚናቅ ብዙዎቹ የሠሩትን ለዓመታት ደብቀው ነው የኖሩት።

ሳትደብቅ የሠራችው ፓሪስ ውስጥ የነበረችው ዶክተር ሱዛን ኖኤል ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በፍንዳታ የተቦጨቀ ወታደሮችን ስታክም የቆየች ሐኪም ናት። ከጦርነቱ በኋላ በመኖሪያ ቤቷ ባዘጋጀችው ክፍል፣ በመርፌ ማደንዘዣ ብቻ፣ ከፀጉር መነሻና ከጆሮ አካባቢ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳ እያነሳች ትሰፋ ነበር። ታካሚዎቿ በዚያው ዕለት ተነስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በ1926 ስለዚሁ ሥራዋ መጽሐፍ አሳተመች፤ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ሳይቀር የዚህን ሕክምና ማኅበራዊ ሚና አንስታለች። ወደ እሷ የሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ እንጀራቸውን ፈልገው ነበር የሚመጡት፤ አርጅተሻል ተብለው ከሥራ የተባረሩ ወይም ቀጣሪ ያጡ። ፊትን ማስነሳት ከንቱ ውዳሴ ፍለጋ ነው ብሎ ለሚደመድም ሰው እኔ ሁልጊዜ የማነሳለት ኖኤልን ነው። ሴቶቹ ከንቱ ከሆኑ ዕድሜያቸውን አይቶ በር የዘጋባቸው ቀጣሪ ምን ሊባል ነው?

ይሁንና የኖኤልም ሆነ የሌሎቹ ዘዴ አንድ ችግር ነበረበት፤ አይቆይም። ቆዳ በተፈጥሮው የሚለጠጥ ነገር ነው። ወጥራችሁ ብትሰፉት በወራት ውስጥ ተለጥጦ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ችግሩ የገባቸው ሐኪሞች መፍትሔው አብዝቶ መወጠር መሰላቸው። ውጤቱን ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችኋል፤ ነፋስ ፊት ለፊት የመታው የሚመስል ፊት፣ ወደ ጆሮ የተዘረጋ አፍ፣ ወደ ታች ተጎትቶ ከጉንጭ ጋር የተጣበቀ የጆሮ ጫፍ። የተወጠረ ቆዳ ደግሞ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ስፌቱ ይሰፋል፣ ጠባሳው ይጎላል፣ ሲብስም ጠርዙ ይሞታል።

የሚቀጥለውን ለመረዳት በሬ የሚያውቅ ሰው ይቀለዋል። ዝንብ ጎኑ ላይ ሲያርፍበት በሬው ጅራቱን ከመወርወሩ በፊት ቆዳው ብቻውን ሲርገፈገፍ አይታችኋል። ያን የሚያደርገው ከቆዳው ሥር የተነጠፈ ስስ የጡንቻ ሽፋን ነው። ሰው ይህን ሽፋን ከአብዛኛው አካሉ ላይ አጥቶታል፤ አንገቱና ፊቱ ላይ ግን ቀርቶለታል። ጥርሳችሁን ገጥማችሁ የታችኛውን ከንፈራችሁን ወደ ታችና ወደ ጎን በኃይል ጎትቱት፤ አንገታችሁ ላይ ቋሚ ገመዶች ብቅ ይላሉ። ያ የአንገት ሽፋን ጡንቻ ነው፤ ፕላቲዝማ ይባላል። ይኸው ሽፋን መንጋጋን ተሻግሮ ጉንጭ ላይ ሲደርስ እየጠነከረ፣ ጡንቻም ጅማትም የሆነ አንድ ንጣፍ ይሆናል።

ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ይሠራ የነበረው ቶርድ ስኮግ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ቆዳውን ከዚህ ንጣፍ ሳይለይ አንድ ላይ አድርጎ ማንሳት እንደሚቻል አሳየ። በ1976 ደግሞ ቭላዲሚር ሚትስና ማርቲን ፔይሮኒ የተባሉ የፓሪስ ሐኪሞች ንጣፉን በአስከሬን ላይ አንድ በአንድ ተከታትለው ለዓለም አስተዋወቁ። ስማስ የሚል ስም ወጣለት፤ ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች ሲነጋገሩ ስማስ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ የዚህ ሙያ ክርክር በሙሉ ይህን ንጣፍ እንዴት እንያዘው የሚል ነው። ቆዳ ይለጠጣል፤ ስማስ ግን በቀላሉ አይለጠጥም። ሸክሙን ስማስ ከተሸከመ ቆዳው ሳይወጠር፣ ትርፉ ብቻ ተቆርጦ፣ ተረጋግቶ ይሰፋል።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሰባ ዓመት ፈጀ? ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ተገቢ ነበር።

መስታወታችሁን እንደገና አንሱ። ቅንድባችሁን ሽቅብ አንሱ። አሁን ዓይናችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨፍኑ። ፈገግ በሉ። የታች ጥርሳችሁ እንዲታይ የታች ከንፈራችሁን ብቻ አውርዱ። መጨረሻ ቅድም እንዳደረግነው አንገታችሁን ወጥሩ። አምስቱን ያደረገላችሁ አንድ ነርቭ ነው፤ አምስት ቅርንጫፍ ያለው። ከጆሮ ሥር ከራስ ቅል ትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ይከፋፈላል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል በ1821 የዚህን ነርቭ ሥራ ፊት እንዲሰማው ከሚያደርገው ከሌላው ነርቭ ለይቶ አሳይቷል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የስሜት ነርቭ ቢነካ ቆዳ ይደነዝዛል፤ ሰው ያንን ችሎ ይኖራል። የእንቅስቃሴ ነርቭ ቢቆረጥ ግን ፊት ይጣመማል፤ ዓይን አይከደንም፣ አፍ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

አሁን ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጉና ጥርሳችሁን ንከሱ። ከጣታችሁ ሥር ጠጠር ብሎ የሚነሳው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ነርቩ በዕጢው ውስጥ እያለ የተሸሸገ ነው፤ ወደ ጉንጭ አልፎ ከዕጢው ጠርዝ ሲወጣ ግን በዚህ ጡንቻ ላይ፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተሸፍኖ ይጓዛል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ውለታ ሠርታለታለች፤ ከጥቂት ጥልቅ ጡንቻዎች በስተቀር የፊት ጡንቻዎች ነርቫቸውን የሚቀበሉት ከሆዳቸው በኩል፣ ከታች ነው። ስለዚህ ከስማስ በላይ የሚሠራ ሰው ነርቩን አያገኘውም። ከስማስ በታች የሚገባ ሰው ግን በነርቩ ጣራ ላይ ነው የሚራመደው፤ ጣራው የት እንደሚሳሳ ማወቅ አለበት።

በጣም የሚሳሳው ደግሞ ቅንድብን የሚያነሳው ቅርንጫፍ የጉንጭን አጥንት ቅስት ሲሻገር ነው። ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ በ1966 ለዚህ መለኪያ አወጣ። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ ግማሽ ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ከቅንድብ የውጭ ጫፍ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ከፍ ብላችሁ ጨርሱ። ሁለቱን ነጥብ የሚያገናኘው መስመር የነርቩ መንገድ ነው። ዛሬም በየአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ከሥራ በፊት ይህን መስመር በታካሚው ፊት ላይ በቀለም ያሰምራሉ። ፒታንጊ የሀብታሞች ሐኪም ተብሎ ቢታወቅም፣ በ1961 ኒቴሮይ በተባለችው ከተማ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሲያልቅ የተቃጠሉትን ሌት ተቀን ካከሙት አንዱ ነበር። ሪዮ ውስጥ ባለ የበጎ አድራጎት ሆስፒታልም ድሆች የሚታከሙበት ክፍል አቋቁሟል። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክን ችቦ ተሸክሞ በማግስቱ ነው ያረፈው።

ነርቩ ከታወቀ በኋላ ሌላ እንቆቅልሽ ቀረ። ስማስን ቆርጠው ሲጎትቱት የመንጋጋው ዳር ያምራል፤ ከአፍንጫ ጎን እስከ አፍ ጥግ የሚወርደው እጥፋት ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱን በ1989 ዴቪድ ፈርናስ የተባለ አሜሪካዊ አብራራው። ፊት ላይ ከአጥንት ወይም ከጥልቁ ሽፋን ተነስተው ስማስን ወግተው ቆዳ ላይ የሚያያዙ አጫጭር ጅማቶች አሉ፤ አንዱ በጉንጭ አጥንት ላይ፣ ሌላው በማኘኪያው ጡንቻ ፊት፣ ሌላው በአገጭ አጠገብ። እነዚህ ቦታቸውን ሳይለቁ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይወርዳል። ከአገጭ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው ጉንጭ ልክ አገጩ አጠገብ ተቆርጦ የሚቆመው ጅማቱ ስለያዘው ነው። ጅማቱ ሳይፈታ ከጆሮ በኩል ቢጎትቱ ጉልበቱ ጅማቱ ላይ ያልቃል።

በ1990 የዳላሱ ሳም ሃምራ ጥልቅ ፌስሊፍት የሚባለውን ዘዴ አሳተመ። ቆዳው ከጆሮ አጠገብ ጥቂት ብቻ ይላቀቃል፤ ከዓይን የውጭ ጥግ ወደ መንጋጋ ማዕዘን በሚወርድ መስመር ላይ ሲደርስ ስማስ ይቆረጥና ቢላው ከሥሩ ይገባል። ከዚያ ጉንጭ ላይ ያሉት ጅማቶች ይፈታሉ፤ ቆዳው፣ ስቡና ስማሱ ሳይለያዩ እንደ አንድ አካል ወደ ላይ ይነሳሉ። በግ ሲገፈፍ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ትክክለኛው ሽፋን ከተገኘ ገፋፊው ቢላውን አስቀምጦ በእጁ ብቻ ይገፈዋል፣ ደምም የለም። ሽፋኑን የሳተ ግን ቆዳውንም ሥጋውንም ያበላሻል። ቀዶ ሐኪሙም ከስማስ ሥር ያለው ልል ሽፋን ውስጥ ሲገባ ብዙውን የሚሠራው በደነዘ መሣሪያና በጣቱ ነው።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ስማስን ሳይቆርጡ አጥፈው የሚሰፉት አሉ። ከጉንጩ ጎን ቀጭን ቁራጭ ስማስ አንስተው ጠርዞቹን የሚገጥሙ አሉ። የቤልጂየሞቹ ቶናርና ቨርፓሌ ደግሞ አጭር ቁስል ከፍተው በጠንካራ ክር ሽቅብ ጎትተው የሚያስሩበት ዘዴ አላቸው። በማስታወቂያ ላይ የምትሰሟቸው ሚኒ፣ ፈጣን፣ የቅዳሜና እሑድ የሚባሉ ስሞች ከእነዚህ የአንዱ የገበያ ስም ናቸው። ስሙን ትታችሁ ሐኪሙን፦ ስማሱን ምን ያደርጉታል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

የትኛው ይበልጣል? በዚህ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የመንትያዎቹ ነው። ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ መንትያዎች፣ በድምሩ አራት ሰዎች፣ ለአራት ስመ ጥር ቀዶ ሐኪሞች ተከፋፈሉ። ሃምራም አንዱ ነበር። እያንዳንዱ ሐኪም ራሱ በሚያምንበት ዘዴ ሠራ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው በ2009 ታተሙ። አሸናፊው ይህ ነው የሚያሰኝ ውጤት ግን አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ሐኪም በደንብ የሚያውቀው ዘዴ ገና ከሚለማመደው ዘመናዊ ዘዴ እንደሚሻል ነው።

ስለ አደጋው ሳልናገር ብሄድ ዝግጅቱ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። በብዛት የሚያጋጥመው ከቆዳው ሥር ደም መቋጠር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት። አንድ ወገን በድንገት ካበጠና ሕመሙ ከበረታ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ታካሚው ተመልሶ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ለዚህ ነው ወደ ውጭ አገር ሄደው የሚሠሩ ሰዎች በሁለተኛው ቀን አውሮፕላን መሳፈር የሌለባቸው። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ የተላቀቀው ቆዳ ይሞታል፤ ጠንቃቃ ሐኪም ሳምንታት አስቀድሞ ካላቆማችሁ አይነካችሁም። የእንቅስቃሴ ነርቭ ጉዳት ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ዘላቂው ጥቂት ነው። በብዛት የሚጎዳው ነርቭ ሌላ ነው፤ ከጆሮ ሥር በአንገት ጡንቻ ላይ ተሻግሮ ለጆሮ ጫፍ ስሜት የሚሰጠው። ጉትቻዋን ስታደርግ መርፌው ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ የማይሰማት ሴት ያ ነርቭ ነው የተነካባት።

ለእኛ በተለይ የሚያሳስበው ኬሎይድ ነው። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ያ ጠባሳ በጠቆረ ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል፤ ከሚወዳቸው ቦታዎችም ጆሮና ዙሪያው ይገኙበታል። የፊት ማንሻ ቁስል የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ነው። ጆሯችሁን ስትበሱ ያበጠባችሁ፣ ወይም እናታችሁ ወይም እህታችሁ ደረቷ ላይ ያለባት ከሆነ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት።

ወንዶች አድማጮቻችን ጨርሶ እንደተረሳችሁ እንዳይሰማችሁ። የወንድ ፊት በጢሙ ምክንያት ብዙ ደም የሚመላለስበት በመሆኑ ደም የመቋጠር ዕድሉ ከሴት ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ። ጢም ያለው የጉንጭ ቆዳ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲነሳ ጢሙም አብሮ ይሄዳል፤ በጆሮና በጢም መካከል የነበረችው ባዶ ቦታ ትጠብባለች፣ ከአንገት የተነሳው ቆዳም ከጆሮ ጀርባ ያርፋል። ስለዚህ ሐኪሙ የጢሙን ሥር ከታች ካላቃጠለለት በቀር ሰውየው ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከጆሮው ጀርባም መላጨት ይኖርበታል።